በሁለት ነቀርሳ መካከል

አማርኛችን ለሁለት በሽታ አንድ ስም ይዞ ኖሯል። ነቀርሳ ሲባል አንዱ ቲቢ፣ ሌላው ካንሰር ይሰማዋል። የጊች መንደር ሰዎች በ2008 ዓ.ም. ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወጥተው ደባርቅ ከሰፈሩ ወዲህ ሐኪም ቤት ቀርቧቸዋል፤ አንገቷ ላይ ንፍፊት ወጥቶ ነጠላዋን እስከ ጆሮዋ ለምትጠመጥም ወጣት ግን ጥያቄው ያው ነው፤ የትኛው ነቀርሳ? ከሁለቱም ውጪ የሆነ መልስ አለ።

የዓለም ጤና ድርጅት የደምና የሊምፍ ካንሰሮችን መለያ እ.ኤ.አ. በ2022 በአምስተኛው እትም ሲያድስ፣ ካንሰር ሳይሆኑ ካንሰር ለሚመስሉ እብጠቶችም ቦታ ሰጠ። ካስልማን አንዱ ነው። ቤንጃሚን ካስልማን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የገለጸው ይህ በሽታ አንድ ቦታ ብቻ ከወጣ ቀዶ ሕክምና ይገላግላል። ብዙ ቦታ ሲወጣ ግን ሊገድል ይችላል፤ ከኤችአይቪ ጋር ሲገጥም ብዙውን ጊዜ ከጀርባው ሄርፐስ 8 የተባለው ቫይረስ አለ። ዴቪድ ፋጅገንባም የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ራሱ ታሞ፣ ለኩላሊት ንቅለ ተከላ በሚሰጥ አሮጌ መድኃኒት መዳኑ ዝናውን አናኝቶታል።

ከእነዚህ መካከል ሐሳቤን የሚይዘው ግን ኪኩቺ ነው። ሁለት ጃፓናውያን፣ ኪኩቺና ፉጂሞቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ለየብቻቸው ገለጹት። የሚበዛው በወጣት ሴቶች አንገት ላይ ሲሆን ትኩሳት አለው፤ አንዳንዴ የሌሊት ላብና መክሳት ይጨመርበታል። ከዚህ በላይ ቲቢ የሚመስል ምን አለ? በማይክሮስኮፕም የሞተ ሥጋ ይታያል፤ ሊምፎማ ተብለው የካንሰር መድኃኒት የወሰዱ አሉ። ኪኩቺ ግን ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ጥቂቶች ላይ በኋላ ሉፐስ የተባለ በሽታ ስለሚከተል ክትትል ይፈልጋል።

አገራችን ደግሞ ከሳንባ ውጪ የሚወጣ ቲቢ የሚበዛባት ናት፤ ከዚያም ውስጥ ንፍፊቱ ይመራል። እንግዲህ ሐኪሙ አስቀድሞ ቲቢን ቢጠረጥር አይወቀስም። የምጠራጠረው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። በቀጭን መርፌ የሚሳበው የተበተነ ሕዋስ እንጂ የንፍፊቱ አሠራር አይደለም፤ ባክቴሪያው ሳይገኝም የስድስት ወር መድኃኒት ሊጀመር ይችላል። ሕመሙ ኪኩቺ ከሆነ በሁለተኛው ወር ይሟሽሻል፤ መድኃኒቱ ይመሰገናል፣ ካርዱ ላይ «ዳነች» ይጻፋል። ስህተቱ ራሱን ደብቆ አለፈ ማለት ነው። ብርቅ የምንለው በሽታ ስንቱ ጊዜ በዚህ መንገድ እንዳመለጠ ካርዶቹ አይናገሩም።

ስለዚህ የመርፌው ውጤት ካልለየለት ንፍፊቱ በሙሉ ይውጣ ባይ ነኝ። በማደንዘዣ የሚሠራ ትንሽ ቀዶ ጥገና ነው። ግማሹ ፎርማሊን ውስጥ ገብቶ ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጎንደር ወዳለ ፓቶሎጂስት ይሂድ፤ ግማሹ ፎርማሊን ሳይነካው ጂን ኤክስፐርት ለተባለው የቲቢ መመርመሪያ ማሽን ይቅር፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ማሽኑን ለንፍፊት ናሙናም ፈቅዷል። ሁሉም ፎርማሊን ውስጥ ከገባ ባክቴሪያውን ማሳደግ አይቻልም።