የመስኮት መዝጊያ

ኩልመስክ በላስታ ደጋ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በዚያ አገር ሌሊቱ ብርድ ነው፤ በክረምትም ዝናቡ በነፋስ እየተገፋ በመስኮት ይገባል። መስኮቱ መስተዋት የሌለው እንደ ሆነ የቤቱን ሰው የሚጠብቀው የእንጨት መዝጊያ ነው። ይህንንም መጋዝ፥ መላጊያ፥ መሰርሰሪያና መዶሻ ያለው ሰው በቤቱ ሊሠራው ይችላል።

ሠሪው አስቀድሞ ስለ እንጨቱ ያስባል። የጥድ እንጨት ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም። ነገር ግን ጥድ ስለ ተመናመነ ዛሬ ብዙ ሰው የሚሠራው በባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ እርጥብ ሳለ ለመጋዝ ይመቻል፤ ሲደርቅ ግን ይጣመማል። ስለዚህ ሳንቃው በጥላ ይደረደራል፤ ነፋስ እንዲገባ በየመካከሉ ቀጫጭን እንጨት ይደረጋል፤ ከላይም ድንጋይ ይጫንበታል። በጋው እስኪያልፍ እንዲህ ይቆያል።

ይህ መቆየት ከሥራው ሁሉ ይከብዳል፤ አባት ልጆቹ በብርድ እንዳይተኙ ይቸኩላልና። ነገር ግን በእርጥብ ሳንቃ የተሠራ መዝጊያ በሰኔ ገጥሞ በጥር ጣት የሚያስገባ ክፍተት ያበጃል። በደጋ ደግሞ ውርጭ የሚወርደው በበጋ ሌሊት ነው።

ሳንቃው ሲደርቅ መቃኑ ይለካል። የድንጋይ ቤት መስኮት ላዩና ታቹ እኩል ሆኖ አይገኝምና ሁለቱም ይለካሉ። መዝጊያው ከመቃኑ ጥቂት እንዲያንስ ይደረጋል፤ እንጨት በዝናብ ወራት ወደ ጎን ያብጣልና፥ ልክ ሆኖ ቢሠራ በሐምሌ አልከፈት ይላል።

ሳንቃዎቹ ጠርዛቸው ተልጎ ጎን ለጎን ይገጠማሉ፤ በጀርባቸውም ሁለት አግዳሚ እንጨት ይመታባቸዋል። ደረቅ ባሕር ዛፍ በምስማር ይሰነጠቃልና አስቀድሞ በመሰርሰሪያ ይበሳል። በአግዳሚዎቹ መካከል አንድ እንጨት በሰያፍ ይገባል። የታችኛው ጫፉ በማጠፊያው በኩል፥ የላይኛው ጫፉ በሚከፈተው በኩል ይሁን። ይህ ከተገለበጠ መዝጊያው በገዛ ክብደቱ ያዘነብላል።

የእንጨት መስኮት በላስታ አዲስ ነገር አይደለም። በዋሻ ውስጥ የታነጸው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው በድንጋይና በእንጨት የተነባበረ ነው፤ ከ700 ዓመት በላይም ቆሟል። በላሊበላም የቤተ አማኑኤል ጠራቢዎች እንዲህ ያለውን የእንጨት ሥራ አስመስለው ከአለት ቀርጸዋል። የይምርሐነ ክርስቶስን እንጨት ዋሻው ከዝናብ ሸፈነው። የገበሬው መስኮት ግን ዋሻ የለውም፤ ስለዚህ የመቃኑ የታችኛው እንጨት ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ተደርጎ ይላጋል፤ ውኃውም ሳይቆም ይወርዳል።