ካርታ የሌለው፣ ሊብሬ ያለው ቤት

ባለፈው ጥምቀት ጎንደር የሄድኩት እንደ ወትሮው ታቦት ለማጀብ ነበር፡፡ የተመለስኩት ግን የሕግ ጥያቄ ተሸክሜ ነው፡፡ ጥያቄውን ያቀረበልኝ የእህቴ ልጅ ሲሆን፣ ሃያ ዓመት ያህል በከባድ መኪና ሾፌርነት ሊማሊሞን ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ሰው ነው፡፡ አዘዞ በሚገኘው የእናቱ ግቢ ጓሮ አንድ አሮጌ ባለ ሳጥን ተሳቢ አቁሟል፡፡ ጎኑን ቆርጦ ሁለት መስኮት አውጥቶለታል፡፡ የኋላውን በር ነቅሎም የሰው ቤት በር ገጥሞለታል፡፡

«ጋሼ፣ እርስዎ ሕግ ተምረዋል፡፡ እስቲ ይንገሩኝ፤ ይኼ ቤት ነው ወይስ መኪና?» አለኝ፡፡

እኔ ሳቅኩ፡፡ እሱ ግን አልሳቀም፡፡ የቤት ኪራይ ደጋግሞ ጨምሮበታል፤ የመጨረሻው አከራይ ደግሞ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ እንዲለቅ ነግሮታል፡፡ ስለዚህ ያጠራቀማትን ገንዘብ አውጥቶ ከሥራ የወጣውን ተሳቢ ገዛ፡፡ ሐሳቡ እዚያው ውስጥ ሊኖር፣ ሥራ ሲገኝም የሚያውቃቸውን ሾፌሮች ለምኖ ቤቱን ወደ ዳባት ወይም ወደ ደባርቅ ሊያስጎትት ነው፡፡ «ከዚህ በኋላ ውጣ የሚለኝ ሰው ቢመጣ የምወጣው ከነቤቴ ነው» ይላል፡፡

በአሜሪካ እንዲህ ያለው ኑሮ የተለመደ ነው፡፡ የጭነት ተሳቢ ገዝተው አልጋና ምድጃ አስገብተው ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩበት ሰዎች አሉ፡፡ ለጎንደር ግን እንግዳ ነገር ነው ያለ ታሪክ አያውቅም፡፡ ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን መቀመጫቸው እስኪያደርጉ ድረስ አብዛኞቹ ነገሥታት ይኖሩ የነበረው በድንኳን ነበር፡፡ «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ ቀድሞ የጦር ሰፈር ማለት ነው፡፡ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን ተንቀሳቃሽ ሰፈር አይቶ ጽፏል፡፡ የአካባቢው ማገዶና ስንቅ ሲያልቅ ሰፈሩ ይነሳል፤ ሌላ ቦታ ይተከላል፡፡ ድንኳኑ በተነሳ ቁጥር ግን የሰፈሩ ሥርዓት አይቀየርም፡፡ የንጉሡ፣ የቤተ ክርስቲያኑ፣ የፍርድ ችሎቱ፣ የገበያው፣ የቀኙና የግራው ሰው ቦታ የታወቀ ነበር፡፡ ይህችን ነገር አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ፡፡

በመጀመሪያ ስለ ሳጥኑ እናውራ፡፡ ሁላችንም የምናውቀው መለኪያ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ነው፡፡ ሱቅም፣ ጸጉር ቤትም፣ የጥበቃ ማደሪያም ሆኖ አይተነዋል፡፡ ውስጡ 5.9 ሜትር ርዝመትና 2.35 ሜትር ያህል ወርድ አለው፤ ወደ 14 ካሬ ሜትር ማለት ነው፡፡ የእህቴ ልጅ ሳጥንም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ልዩነቱ ላሜራው የሳሳ፣ ከሥሩም ጎማ ያለው መሆኑ ነው፡፡ 14 ካሬ ለአራት ሰው ይጠባል የሚለኝ ካለ በከተሞቻችን አንድ ክፍል ቤት የተከራዩ ቤተሰቦችን ሄዶ ይይ፡፡

ችግሩ ያለው ከጥበቱ ይልቅ ከብረቱ ነው፡፡ ብረት ቀን ይግላል፤ ሌሊት ደግሞ ከውጭው አየር ጋር እኩል ይቀዘቅዛል፡፡ ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ጥቂት ከፍ ትላለች፤ ደባርቅ ደግሞ ወደ 2,850 ሜትር ትጠጋለች፡፡ በደባርቅ ሌሊት አራት ሰው በብረት ሳጥን ውስጥ ሲተኛ ትንፋሹ ቀዝቃዛው ላሜራ ላይ ውኃ ይሆናል፤ ውኃው ወርዶ ፍራሹን ያርሳል፣ ልብሱን ያሻግታል፡፡ ስለዚህ በግድግዳው፣ በጣሪያውና በወለሉ ሁሉ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፎም ማልበስ፣ በፎሙና በቺፕውዱ መካከል ደግሞ እንፋሎት የማያሳልፍ ላስቲክ መዘርጋት ያስፈልጋል፡፡ የእኛ ሰው ፎሙን የለጠፈው በግድግዳው ላይ ብቻ ነበር፡፡ «ጣሪያው ለምን ቀረ?» ብለው «ሙቀት ከጎን ነው የሚመጣው ብዬ» አለኝ፡፡ የሞቀ አየር ወደ ላይ እንደሚወጣ እያወቀ ነው ይህን የሚለኝ!

የበለጠ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው፡፡ ጥግ ላይ የከሰል ማንደጃ አይቻለሁ፡፡ እንዲህ ያለ ሳጥን በፎምና በላስቲክ በደንብ ከታሸገ በኋላ አየር አያስገባም፡፡ ከሰል ደግሞ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ያወጣል፡፡ ጋዙ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዝና ሰውን በእንቅልፉ ይወስደዋል፡፡ ጭሱ ስላቆመ፣ ፍሙም አመድ ስለለበሰ አደጋው አለፈ ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ሰው ተዘናግቶ በሩን ዘግቶ የሚተኛው ያን ጊዜ ነው፡፡ በአገራችን ለብርድ ብለው ከሰል አስገብተው በዚያው የቀሩ ቤተሰቦች ዜና በየጊዜው የምንሰማው ነው፡፡ በዚህ ቤት ከሰል ውጭ እንጂ ውስጥ ሊነድ አይገባም፤ ለቡናም ቢሆን፡፡ ከዚህም ሌላ አንድ ከላይ፣ አንድ ከታች ሁልጊዜ ክፍት የሚሆን የአየር መተላለፊያ ሊኖረው ግድ ነው፡፡ ብርድ ያስገባል ቢባልም ያስገባ፤ ብርድ ልብስ መጨመር ይቻላል፡፡

ወደ መጎተቱ እንሂድ፡፡ አሜሪካኖቹ የሚጎትቱት ተሳቢ አብዛኛውን ጊዜ አክስሉ መሐል ላይ ነው፡፡ ስለዚህ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶው በመጎተቻው ላይ እንዲያርፍ ዕቃውን ወደ ፊት አድልተው ይጭናሉ፤ ወደ ኋላ ካደላ ተሳቢው እንደ ውሻ ጅራት ይወዛወዛል፣ መኪናውንም ይገለብጣል፡፡ የእኛ ተሳቢ ግን የፊትም የኋላም አክስል ስላለው ክብደቱን በራሱ ይሸከማል፡፡ ለእኛው ሾፌር ፈተና የሚሆነው ሌላ ነው፡፡ በአንድ ወገን አልጋና ቁም ሳጥን፣ በሌላው ወገን ባዶ ቦታ ከሆነ በጠመዝማዛ መንገድ ያጋድላል፡፡ አንድ በርሜል ውኃ ብቻውን 200 ኪሎ ነው፤ ሲጎተት ደግሞ ይንቦጫረቃል፡፡ ከፍታውም አለ፡፡ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል፤ ደባርቅ ሲደርስ ከአራት አንዱ እጅ ገደማ የለም ማለት ነው፡፡

ይህ የመውጣቱ ነገር ነው፤ መውረዱ ይብሳል፡፡ ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው የሊማሊሞ መንገድ ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ሲወርድ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፡፡ እዚያ ላይ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ግሎ ይከዳዋል፤ በከባድ ማርሽ ሞተሩ እንዲይዝ አድርጎ ነው የሚወረደው፡፡ የተሳቢውም ፍሬን የራሱ አየር ኖሮት መሥራት አለበት፡፡ የእህቴ ልጅ ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል፡፡ «ጋሼ፣ በሊማሊሞ ቤቴን አላወርድም፤ ደባርቅ ላይ ነው የምቆመው» ሲል እፎይ አልኩ፡፡

ስለ መጎተት ካነሳን አይቀር፣ በዚህ አገር ከባድ ነገር በመንኮራኩር ላይ አድርጎ በተራራ ላይ በመጎተት የቋራውን ካሣን የሚወዳደር የለም፡፡ ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ይዘው የተነሱት በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ሲሆን፣ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው፡፡ ያን ሁሉ ወር የፈጀው መድፉን መጎተቱ ብቻ አይምሰላችሁ፡፡ የጅዳንና የበሽሎን ገደል የሚያሻግር መንገድ ከፊቱ እየቆረጡ ነበር የሄዱት፡፡ የጎታች ችግር ሁልጊዜም መንገዱ ነው፡፡ ዛሬ አስፋልቱ አለ፤ ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ በተከሰተው ግጭት መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜ ብዙ ሆኗል፡፡ መንገድ በተዘጋ ቀን ተሳፋሪ ሆቴል ይገባል፤ ቤቱን እየጎተተ ያለ ሰው ግን ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ አስፋልት ዳር ነው የሚያድረው፡፡

አሁን ወደ ጥያቄው፡፡ ቤት ነው ወይስ መኪና? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ንብረትን ሁሉ በቁጥር 1126 ተንቀሳቃሽና የማይንቀሳቀስ ብሎ ለሁለት ይከፍላል፡፡ በቁጥር 1127 መሠረት ማንነቱን ሳያጣ ራሱ የሚንቀሳቀስ ወይም ሰው ሊያንቀሳቅሰው የሚችል ግዙፍ ነገር ተንቀሳቃሽ ነው፡፡ ቁጥር 1130 ደግሞ መሬትንና ሕንፃን የማይንቀሳቀስ ይላቸዋል፡፡ ስለዚህ ጎማው ላይ እስከቆመ ድረስ ይህ ቤት ተንቀሳቃሽ ነው፡፡ ካርታ የለውም፤ ሊብሬ ግን አለው፡፡ ጎማውን አውልቆ በሲሚንቶ ካሰረው ደግሞ ፈቃድ የሌለው ግንባታ ይሆናል፡፡ በአጭሩ ጎማውን ካወለቀ ሕገወጥ ቤት፣ ካላወለቀ ቦሎ ያላሳደሰ ተሽከርካሪ ነው፡፡ ቅርጹን ስለለወጠውም ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት አሳውቆ ማስመርመር ይኖርበታል፡፡

ተንቀሳቃሽ መሆኑ ጥቅም የለውም አልልም፡፡ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረትን በዋስትና ማስያዝን ስለሚፈቅድ በሕጉ መያዣ ሊሆን ይችላል፡፡ ባንኩ ይስማማል ወይ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው፡፡ ጉዳቱ ግን ያይላል፡፡ ቦታው ለልማት ቢፈለግ ቤት ያለው ሰው ካሳና ምትክ ቦታ ይጠይቃል፡፡ ተነስቶ ሌላ ቦታ ሊተከል ለሚችል ንብረት የካሳ ሕጉ የሚያስበው የማንሻና የማጓጓዣ ወጪን ነው፡፡ ተሳቢውን ደግሞ «ጎትተህ ውሰድ» ይሉታል፤ ይኸው ነው፡፡ የኮሪደር ልማት ሲመጣ ኮንቴይነር ሱቆች እንዴት እንደተነሱ ያየ ሰው ማስረዳት አያስፈልገውም፡፡

ሌላም አለ፡፡ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የሰው መኖሪያ ቤት ያለ አግባብ እንዳይበረበር ይጠብቃል፡፡ ኬላ ላይ የቆመ ፖሊስ ግን የሚያየው ታርጋ ነው፡፡ ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1985 ካሊፎርኒያ በካርኒ ላይ ባቀረበችው ክርክር፣ አልጋና ወጥ ቤት ያለው መኪና ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ሊፈተሽ ይችላል ብሎ ወስኗል፡፡ ምክንያቱ መኪናው ወዲያው ተነስቶ ሊሄድ መቻሉ ነው፡፡ በድጋፍ ላይ የተቀመጠ ወይም የውኃና የመብራት መስመር የገባለት ቢሆን ኖሮስ ለሚለው ግን ፍርድ ቤቱ መልስ ሳይሰጥ አልፎታል፡፡

ከሁሉ የሚከፋው የአድራሻ ነገር ነው፡፡ ፍትሐ ብሔሩ በቁጥር 174 የሰው መኖሪያ በተለምዶ የሚኖርበት ስፍራ ነው ይላል፤ ግድግዳ ይኑረው፣ ጎማ አይኑረው አላለም፡፡ የቀበሌው ቅጽ ግን «የቤት ቁጥር» የሚል ሣጥን አለው፡፡ ያ ሣጥን ባዶ ከሆነ መታወቂያው ይቸግራል፤ መታወቂያው ከተቸገረ የልጆች ትምህርት ቤት ምዝገባ ይከተላል፡፡ የፍርድ ቤት መጥሪያስ የት ይለጠፍለታል? አልቫሬዝ ያየው የድንኳን ከተማ በየጊዜው ሲነሳ ሰዎቹ አድራሻቸውን ይዘው ነበር የሚሄዱት፤ የአንዱ ሰው ቦታ ከንጉሡ ድንኳን በስተቀኝ ከሆነ የትም ቢሰፈር በስተቀኝ ነው፡፡ የእኛ አድራሻ መሬት ላይ የተቸነከረ ስለሆነ ቤትህን ይዘህ መሄድ ብትችል እንኳ አድራሻህን ትተህ ነው የምትሄደው፡፡ ሽንት ቤቱም ቢሆን ጉድጓድ ይፈልጋል፤ ጉድጓድ ደግሞ አይጎተትም፡፡

ስለዚህ እንዲህ አልኩት፡፡ ጎማውንም ሊብሬውንም አትንካ፤ ቦሎውን በየዓመቱ አድስ፡፡ ከእናትህ ግቢ ሳትወጣ በእሷ የቤት ቁጥር ቤተሰቡን አስመዝግብ፡፡ ደባርቅ የምትሄድ ከሆነ በጽሑፍ ውል ግቢ የሚያከራይህ ሰው ካገኘህ በኋላ፣ በበጋ፣ በቀን፣ በርሜሉን አራግፈህ፣ ቤተሰቡን በአውቶቡስ ልከህ ነው፡፡ እህቴ በረንዳው ላይ ሆና ስትሰማ ቆይታ «ቡናውስ የት ሊፈላ ነው?» አለች፡፡ «ውጭ» አላት፡፡

ልሰናበት ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝና ሊብሬውን እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት፡፡ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ፡፡ ስሙ የእሱ አይደለም፡፡ «ገና አላዛወርኩትም፤ ሻጩ አዲስ አበባ ነው» አለኝ፡፡ ሁለቱን መስኮቶች የቆረጠው፣ በሩን የነቀለው በሰው ስም ባለ ተሳቢ ላይ ነው፡፡ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ከሻጩ ጋር የሚፈራረሙበትን የሽያጭ ውል ረቂቅ እዚያው መጻፍ ጀመርኩ፡፡ እህቴም ከሰሉን ግቢው ውስጥ አቀጣጠለች፡፡