ነጥብ የማይመዘገብባት ቅጽበት

በትግል ስፖርት የመጨረሻው ውጤት ማን እንዳሸነፈ እንጂ በምን ጥበብ እንዳሸነፈ ስለማይናገር፣ የተወዳዳሪን ብቃት በድልና በሽንፈት ብቻ መመዘን ያሳስታል። ባለሙያዎች ብቃቱን ቴክኒክና ታክቲክ ብለው ለይተው ያዩታል፤ ቴክኒክ አንድን አያያዝ ወይም አጣጣል አሳምሮ የመፈጸም ችሎታ ሲሆን፣ ታክቲክ ደግሞ ያንኑ መቼና በየትኛው የነጥብ ሁኔታ መጠቀም እንደሚገባ የመወሰን ብልሃት ነው።

ምዘናው በአብዛኛው የግጥሚያውን ቪዲዮ እያቆሙ መቁጠርን ይጠይቃል። በነጻ ትግል ተጋጣሚን ከቁመቱ ምንጣፍ ላይ ጥሎ መቆጣጠር 2 ነጥብ ስለሚያሰጥ፣ ስምንት ጊዜ ሞክሮ ሁለቴ የተሳካለትና ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሁለቴ የተሳካለት ተወዳዳሪ እኩል 4 ነጥብ ይይዛሉ፤ የመጀመሪያው ግን ጉልበቱን አባክኗል፣ ለመልሶ ማጥቃትም ራሱን አጋልጧል። ይሁንና መዝጋቢው ለመፍረድ መቸኮል የለበትም፤ ያ ሁሉ ሙከራ ተጋጣሚውን ወደ መከላከል ገፍቶት፣ ዳኛው ቦዝኗል ብሎ የ30 ሰከንድ ገደብ ጥሎበት ከሆነ፣ ከንቱ ልፋት አልነበረምና።

ከሁሉ የሚከብደው ከጥቃቱ በፊት ያለውን ዝግጅት ማየት ነው። ጎበዝ ታጋይ እግር ለመያዝ ዝቅ ብሎ ከመግባቱ በፊት እጁን ተጋጣሚው ማጅራት ላይ ጥሎ ወደ ታች ይስበዋል፤ የተሳበው ሰው ቀና ለማለት ሲታገል እግሮቹ ያለ ጥበቃ ይቀራሉ። ተመልካች የሚያየው እግሩ ሲያዝ ነው፤ መዛኙ ግን ማጅራት ላይ ያረፈችውን እጅ መመዝገብ አለበት። ከወገብ በታች መያዝ በተከለከለበት የግሪኮ-ሮማን ትግል ደግሞ መዝገቡ በወገብና በብብት አያያዝ ላይ ያተኩራል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ፣ በ125 ኪሎ ግራም የነጻ ትግል ፍጻሜ አሜሪካዊው ጌብል ስቲቭሰን በጆርጂያዊው ጌኖ ፔትሪያሽቪሊ 8 ለ 5 እየተመራ ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ቀርተውት ነበር። ተጋጣሚውን ጥሎ ልዩነቱን ወደ 8 ለ 7 አጠበበ፤ ከዚያም ይዞት ከመቆየት ይልቅ ለቀቀውና እንደገና ከቁመቱ ገጥሞ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ዳግመኛ ጣለው። የጆርጂያ ወገን ያቀረበው አቤቱታ ውድቅ ሲደረግ አንድ ነጥብ ተጨምሮለት 10 ለ 8 አሸነፈ። በነጥብ ሰሌዳው ላይ ሁለቱ አጣጣሎች እኩል ሁለት ሁለት ነጥብ ሆነው ተጽፈዋል፤ ወርቁን ያስገኘው በመካከላቸው የመልቀቅ ውሳኔ ግን ነጥብ የለውምና የሚገኘው በታክቲክ መዝገብ ላይ ብቻ ነው።