ውኃ ሲቆም ባክቴሪያዎች ይነጋገራሉ

በሰሜን ለንደን፣ ከሰቨን ሲስተርስ በስተምሥራቅ ባለው የሊ ወንዝ ሸለቆ፣ ዐሥሩ የዋልታምስቶው የውኃ ማጠራቀሚያዎች ተንጣልለው ይታያሉ። አጠገባቸው ያለው የኮፐርሚልስ ማጣሪያ ጣቢያ ውኃውን በአሸዋ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲሰርግ ያደርጋል፤ ዘዴው በዚያች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1829 በመሐንዲሱ ጄምስ ሲምፕሰን ሥራ ላይ የዋለ ነው። በአሸዋው ገጽ የሚያድገው የሚያዳልጥ የረቂቅ ተሕዋስያን ንጣፍ፣ ማለትም ባዮፊልም፣ ጎጂ ጀርሞችን ያስቀራል።

በማጣሪያው ተፈላጊ የሆነው ንጣፍ በቤት ቧንቧ ውስጥ ሲገኝ ግን ያሳስባል።

በባዮፊልም ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች የሚግባቡት ኬሚካል በማመንጨት ነው። ኬሚካሉ በዙሪያቸው በበቂ መጠን ሲጠራቀም መብዛታቸውን ያውቃሉ፤ ለብቻቸው የማይሞክሩትንም ሥራ በአንድነት ይጀምራሉ። ሳይንቲስቶች «ኮረም ሴንሲንግ» ይሉታል፤ ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱን እንደ ማረጋገጥ ነው። ይሁንና ወሳኙ የተሰብሳቢው ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ጉባኤው የተቀመጠበት ስፍራም ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ቦኒ ባስለር፣ ሃዋርድ ስቶንና ባልደረቦቻቸው ስታፊሎኮከስ ኦሬየስንና የኮሌራን ባክቴሪያ ፈሳሽ በሚያልፍባቸው ጥቃቅን ቦዮች ውስጥ አጠኑ። ብርቱ ፍሰት መልእክቱን ጠርጎ ስለሚወስደው ባክቴሪያዎቹ ቢበዙም አይደማመጡም። በስንጥቅ የተሸሸጉትና በወፍራም ባዮፊልም ሥር ያሉት ግን ፍሰቱ ሳይበግራቸው ይነጋገራሉ። አንድ ዓይነት ዘረመል ያላቸው ሕዋሳት እንደ ተቀመጡበት ቦታ ጠባያቸው ይለያያል ማለት ነው። (የኮሌራው ባክቴሪያ ደግሞ ምልዓተ ጉባኤው ሲሞላ ባዮፊልሙን ጥሎ መበተን ይቀናዋል፤ ስለዚህ የባክቴሪያ ዝምታ ሁልጊዜ መልካም ዜና አይደለም።)

የሰቨን ሲስተርስ ነዋሪ የሆነ ቤተሰብ ቤቱን ዘግቶ አገር ቤት ሲከርም ውኃው በቧንቧው ውስጥ ለሳምንታት ይቆማል። መልእክት የሚጠርግ ፍሰት የለም። ከዚህም በላይ ክሎሪኑ ይመነምናል፤ ውኃው የክፍሉን ሙቀት ይይዛል። ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚራባው ሌጅዮኔላ ሳንባ የሚያሳምመው በአብዛኛው፣ ለምሳሌ ከሻወር የሚበተን ርጭት ወደ ውስጥ ሲሳብ ነው። ስለዚህ ከጉዞ መልስ የሻወሩን ራስ ፈትቶ፣ ርጭት ሳይፈጠር፣ ውኃውን ለጥቂት ደቂቃዎች ማፍሰስ ይገባል። የለንደን ውኃ ኖራ ስለሚበዛበት በሻወሩ ራስ ላይ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ለባክቴሪያዎቹ የተመቸ ስንጥቅ ነው፤ የብሪታንያ የጤናና ደኅንነት ባለሥልጣን መመሪያም ቢያንስ በየሦስት ወሩ እንዲጸዳ ይጠይቃል።