በሰሐራ በረሃ ስለ ተሠራው ረጅም ቅጥር

በአፍሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ፥ የአትላንቲክ ውቅያኖስና የሰሐራ በረሃ በሚገናኙበት አገር፥ ከአሸዋና ከድንጋይ የተሠራ ርዝመቱ 2,700 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን ቅጥር ይገኛል። መምህሩ ይህን ለማስረዳት ቢፈልግ በካርታው ላይ ከአዲስ አበባ እስከ ካይሮ ክር ይዘርጋ፤ ክሩ ከቅጥሩ ርዝመት ያንሳል።

አገሩ ምዕራብ ሰሐራ ይባላል። ቀድሞ የእስፓንያ ቅኝ ግዛት ነበረ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1973 ዓ.ም. ተወላጆቹ ፖሊሳርዮ የሚባለውን ማኅበር አቋቁመው በእስፓንያ ላይ መሣሪያ አነሡ። እስፓንያ ግን በ1975 ዓ.ም. ማድሪድ ላይ ከሞሮኮና ከሞሪታኒያ ጋር ተዋውላ በሚከተለው ዓመት አገሩን ለቀቀች። ሞሮኮ አገሩ ከጥንት የነገሥታቶቼ ነው ስትል፥ ፖሊሳርዮ የራሳችን መንግሥት ይቁም አለ፤ በዚህ ምክንያት ጦርነቱ ቀጠለ። ብዙ ሕዝብም ተሰዶ በአልጄሪያ፥ በቲንዱፍ አጠገብ፥ በድንኳን ሰፈረ። ሞሪታኒያ በ1979 ዓ.ም. ታርቃ ከጦርነቱ ወጣች።

የፖሊሳርዮ ተዋጊዎች በረሃውን እንደ ቤታቸው ጓዳ ያውቁታል። በፈጣን መኪና ላይ መትረየስ ጠምደው በድንገት አደጋ ይጥሉና ረዳት ጦር ሳይደርስ ይሰወሩ ነበር። ጠባቂው በየከተማው ተበታትኖ ሲቀመጥ፥ አጥቂው ቦታውንም ሰዓቱንም ራሱ ይመርጣል።

ስለዚህ ሞሮኮ በ1980 ዓ.ም. ቅጥሩን ማሠራት ጀመረች። አስቀድሞ የተከለሉት ኤል አዩንና ስማራ የተባሉት ከተሞች፥ ደግሞም ለእርሻ ማዳበሪያ የሚሆነው ፎስፌት የሚቈፈርበት ቡ ክራዕ ነበሩ። ከዚያም እየሰፋ ሄዶ በ1987 ዓ.ም. ተፈጸመ።

ነገሩን የሰማ ሰው የፋሲልን ግንብ የመሰለ ሥራ ያስብ ይሆናል። ነገር ግን ከፍታው በብዙው ስፍራ ከ2 እስከ 3 ሜትር ብቻ ነው፤ እግረኛ ይወጣዋል። መኪና ግን ሊዘለው አይችልም፤ ብልሃቱም ይኸው ነው። በፊቱ ቦይ፥ የሽቦ አጥርና ፈንጂ አለ፤ በየምሽጉም ከሩቅ የሚመጣውን የሚያሳይ ራዳር ተተክሏል። አጥቂው ቅጥሩን ለመናድ ሲቆም፥ ከኋላ የተዘጋጀው ጦር ይደርስበታል። ቅጥሩ ጠላትን ያዘገየዋል እንጂ ፈጽሞ አይከለክለውም። ያን ሁሉ ርዝመት ቀንና ሌሊት ለመጠበቅም ብዙ ሺህ ወታደር ያስፈልጋል።

በ1991 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት አማካይነት ተኩስ ቆመ፤ ሕዝቡም በድምፁ ዕድሉን እንዲወስን ታሰበ። ዳሩ ግን ድምፅ ሊሰጥ የሚገባው ማን ነው በሚለው ክርክር ይህ ሳይፈጸም ቀረ፤ በ2020 ዓ.ም. ተኩሱ እንደ ገና ተጀመረ። ክርክሩ እኛም ዘንድ ደርሷል፤ በ1984 ዓ.ም. አዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ የሰሐራውያን መልእክተኞች ስለ ተቀመጡ ሞሮኮ ከድርጅቱ ወጣች። እርሱን ወደ ተካው የአፍሪካ ኅብረት የገባችውም በ2017 ዓ.ም. በዚሁ ከተማ ነው።

በቅጥሩ ግራና ቀኝ የሚኖሩ ዘመዳሞች ለብዙ ዘመን ሳይተያዩ ቀርተዋል። ለእረኞች ግን ከቅጥሩ ይልቅ ፈንጂው ይከፋል፤ በረሃው አልፎ አልፎ ዝናብ ባገኘ ጊዜ ጎርፉ ፈንጂውን ከተቀበረበት ነቅሎ ወደ ሌላ ስፍራ ይወስደዋል፤ ግመሎች በደኅና ሲመላለሱበት የኖሩት መንገድም በአንድ ሌሊት የማይታመን ይሆናል።