ከየት ሆነን ነው የምንለካው?

አሁን ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ከሆነ ፍጥነታችሁ ስንት ነው? «ዜሮ» ካላችሁኝ ልክ ናችሁ፤ ግን ከወለሉ አንጻር ብቻ። መሬት በራሷ ዛቢያ ስለምትሽከረከር አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው በሰዓት 1650 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምሥራቅ ይጓዛል። ዋሽንግተን ዲሲ ያለው ወንድሙ ከምድር ወገብ ስለሚርቅ 1300 ገደማ ይበቃዋል። ከፀሐይ አንጻር ደግሞ ሁለቱም በሴኮንድ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይበርራሉ። እውነተኛው ፍጥነት የቱ ነው ብሎ መጠየቅ አይቻልም፤ «ከምን አንጻር?» የሚለው ይጎድለዋልና።

ይህንን «ከምን አንጻር» የሚለውን ነገር ፊዚክስ ፍሬም ኦፍ ሪፈረንስ ይለዋል። እኔ «የመለኪያ ስፍራ» ልበለው (የተሻለ ቃል ያለው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል)።

ጋሊልዮ እ.ኤ.አ. በ1632 ባሳተመው መጽሐፉ መስኮት በሌለው የመርከብ ክፍል ውስጥ አስገብቶ ያስተምረናል። ከላይ ከተሰቀለ ዕቃ የሚንጠባጠብ ውሃ በቀጥታ ከሥሩ ወዳለው ዕቃ ይወርዳል፤ ቢራቢሮዎች ወደ ፊትም ወደ ኋላም እኩል ይበርራሉ። መርከቡ ቆመም፣ በእኩል ፍጥነት ቀጥ ብሎ ተጓዘም፣ ውስጥ ያለው ሰው ልዩነቱን አያውቅም። ዛሬ አውሮፕላኑ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር እየበረረ አስተናጋጇ ቡና ስትቀዳልን ቡናው ወደ ኋላ የማይፈናጠረው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። «ሁሉም አንጻራዊ ነው፤ አንስታይንም ብሏል» እያሉ ከክርክር የሚያመልጡ አሉ። አንስታይን እንደዚያ አላለም። አውቶቡስ ድንገት ፍሬን ሲይዝ የቆመው ተሳፋሪ ማንም ሳይገፋው ወደ ፊት ይወረወራል፤ ፍጥነት ሲለወጥ መስኮት ማየት አያስፈልግም ማለት ነው። ፎኮ እ.ኤ.አ. በ1851 ፓሪስ ውስጥ በረጅም ሽቦ አንጠልጥሎ ያወዛወዘው ኳስ አቅጣጫው ቀስ እያለ ሲዞር፣ ሰዎች ሰማይ ሳያዩ የመሬትን መሽከርከር ተመልክተዋል።

ከዚህም በላይ ከአንዱ የመለኪያ ስፍራ ወደ ሌላው መሻገሪያ ስሌት አለ። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ሰዓት ምድር ላይ ካለው በቀን 38 ማይክሮ ሴኮንድ ያህል ይቀድማል፤ ከመሬት ስበት መራቃቸው ያፈጥነዋል፣ ሩጫቸው ደግሞ በጥቂቱ ያዘገየዋል። በዚያች ቅጽበት ብርሃን ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ስለዚህ ልዩነቱ በስሌት ይታረማል እንጂ «ሁላችንም በየበኩላችን ልክ ነን» ተብሎ አይተውም።

እኛ ስደተኞች ይህን ሥራ ሳናውቀው እንሠራዋለን። እናታችን «ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ደውል» ስትለን ስድስት ሰዓት ጨምረን፣ ከዲሲ ከሆነ እንደ ወቅቱ ሰባት ወይም ስምንት ቀንሰን እንደውላለን። ሰዓቷ ተሳስቷል ብሎ የሚጣላት የለም።

በገንዘብ ላይ ሲሆን ግን መሻገሪያውን እንረሳለን። አገር ቤት ያለው ወንድም ደመወዛችንን ሰምቶ በምንዛሪው ያባዛዋል። ማባዛቱ ልክ ነው፤ ነገር ግን ምንዛሪው ዶላርን ወደ ብር ይለውጣል እንጂ የዲሲን ቤት ኪራይ ወደ አዲስ አበባ ኪራይ አይለውጥም። የሚሻለው ከደመወዛችን ከኪራይና ከምግብ በኋላ ስንት በመቶ እንደሚተርፍ መንገር ነው፤ መቶኛው በብርም ተሰላ በዶላር ያው ነውና።

እኛም ብንሆን አንሻልም። የጤፍን ዋጋ ከአገር በወጣንበት ዓመት እየለካን «ያን ሁሉ ብር ምን አደረጋችሁት?» እንላለን። ወንድማችን ያኔ ዝም ቢል አይፈረድበትም፤ እኛ ስንሄድ የነበረው ገበያ ዛሬ የለም፣ እሱ ግን ትናንት መርካቶ ሄዶ ነበር።