ኑሮ በምንዛሪ ብቻ አይለካም

«ኑሮ እዚህ ይሻላል ወይስ አሜሪካ?» የሚለው ጥያቄ በእኛ ቤት ተራ የቡና ወሬ መሆኑ ቀርቷል። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረውና የአሜሪካ ዜግነት ያገኘችው ታላቅ እህቴ እናታችንን ጠቅልላ ለመውሰድ አስባለች። እማዬ 71 ዓመቷ ነው፤ ስኳርና ደም ግፊት አለባት። «እናንተ ተማከሩና ንገሩኝ» ብላናለች። ስለዚህ እኔና እህቴ ሁለቱን አገሮች ጎን ለጎን አስቀምጠን ማየት ግድ ሆነብን።

መቼም ቀድሞ የሚነሳው ገንዘብ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 15 ዶላር ነው። በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ሰው ግብር ሳይቆረጥበት በወር 2,600 ዶላር ያገኛል ማለት ነው። ይህን በብር አባዝቶ «ታዲያ ምን ጎደላት?» የሚል ዘመድ አይፈረድበትም። ነገር ግን ወጪውም በዶላር ነው። በእህቴ ሰፈር ባለ አንድ መኝታ ቤት ከ1,500 ዶላር በታች ተከራይቶ መኖር ይከብዳል። የመኪናው፣ የኢንሹራንሱ፣ የስልኩ ሒሳብ ደግሞ በየወሩ ተራውን ጠብቆ ይመጣል።

በሌላ በኩል የእህቴ ልጆች የሚማሩት በመንግሥት ትምህርት ቤት በነፃ ነው፤ ቢጫው አውቶቡስ መጥቶ ይወስዳቸዋል። እኔ ግን በየተርሙ ለልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ እጨነቃለሁ። ውኃ የሚመጣበትን ቀን ቆጥሬ በርሜል እሞላለሁ። ይህ የእሷ ልጆች የማያውቁት ጭንቀት ነው።

እህቴ ግን በእኔ የቀናችበት ጊዜ አለ። ሁለታችንም በአንድ ዓመት ወለድን። በእኛ አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 የሥራ ቀናት ከነደመወዜ አረፍኩ። እዚያ በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌዴራል ሕግ የሚፈቅደው 12 ሳምንት ነው፤ ያውም ያለ ክፍያ፣ ያውም 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ላላቸው ድርጅቶች። አንዳንድ ግዛቶች የተሻለ ሕግ ቢኖራቸውም እህቴ ያን ዕድል አላገኘችም። በሁለተኛው ወር ሕፃኑን ማቆያ አስገብታ ሥራ ገባች። የማቆያው ክፍያ ከቤት ኪራይዋ ጋር የሚፎካከር ነበር።

ይህንን ስናወራ አንድ ነገር አስታወሰችኝ። «ልጅሽን ያሳደገችልሽ ሠራተኛሽ ብትወልድ ያ ፈቃድ አላት?» አለችኝ። የላትም፤ የቤት ሠራተኞች በአዋጁ አይሸፈኑም። የእኔን ምቾት የአገር ምቾት አድርጎ መናገር እንደማይቻል ያኔ ገባኝ።

ወደ እማዬ ስንመጣ ሚዛኑ ይበልጥ ይወሳሰባል። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አገሮችን በዕድሜ፣ በትምህርትና በገቢ ሲያወዳድር ቆይቷል። በዚያ መለኪያ አሜሪካ ከእኛ እጅግ ትርቃለች፤ በአማካይ የዕድሜ ጣሪያ ብቻ ከ10 ዓመት በላይ ትበልጠናለች። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ የእማዬን መድኃኒት ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ የዞርኩባቸው ቀናት አሉ።

እዚያ መድኃኒቱ አለ፤ ጥያቄው ማን ይከፍላል ነው። ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የጤና መድን ራሱ ወይም የትዳር ጓደኛው 10 ዓመት ያህል ሠርቶ ለከፈለ ሰው ነው። እንደ እማዬ በስተርጅና የሚሄድ ሰው በቋሚ ነዋሪነት 5 ዓመት መቆየት አለበት፤ ከዚያም በኋላ መድኑን በገንዘቡ ይገዛል። እስከዚያ ሸክሙ የእህቴ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ቀኑ እንዴት ይመሻል የሚለው ነው። እህቴ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስታ ወጥታ ማታ ትመለሳለች። እማዬ መኪና አትነዳም፤ እንግሊዝኛ አትችልም። እዚህ እግሯ ደጅ ሲወጣ ሰላም የሚላት አታጣም። ይህን ስነግራት እህቴ በስልኩ ውስጥ ዝም አለች። ቆይታ «እኔም እኮ እናት ናፍቆኛል» አለች። ለካ የእሷን ኑሮ ስናሰላ ይህን ጉድለት አልቆጠርነውም ነበር።

በመጨረሻ የተስማማነው ወረቀቱ ከመግባቱ በፊት፣ ቪዛ ከተገኘ፣ እማዬ በእንግድነት ሄዳ ጥቂት ወራት እንድታየው ነው። የምትሄደውም በበጋቸው ሳይሆን በጥር ብርድ ነው፤ የጉዞ የጤና መድንም ይገዛላታል። እናንተም እንዲህ ያለ ምክር ላይ ከሆናችሁ «የቱ አገር ይሻላል?» ከማለት «ለማን? በስንት ዓመቱ? ቀኑን ከማን ጋር ይውላል?» ብላችሁ ጀምሩ።

እማዬ ውሳኔውን ሰምታ ተስማማች። ያሳሰበችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እስክመለስ የእድሬን መዋጮ እንዳታቋርጪ።»